የክፍሉ ቴሌግራም፤ ስልክ የሌለውን ተማሪ ሳይረሱ ማኅበራዊ ሚዲያን ለትምህርት ማዋል

በብዙ የወረዳ ከተሞች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችና በግብርና ኮሌጆች አዲስ ክፍል ሲደራጅ ከስም መጥሪያው ቀጥሎ የሚዘጋጀው የቴሌግራም ግሩፕ ኾኗል። መምህሩ ማስታወሻውን ይለቅበታል፤ የክፍል አለቃው የፈተና ቀን ያሳውቅበታል፤ ተማሪው ያልገባውን ስሌት በፎቶ አንሥቶ ይጠይቅበታል። የመማሪያ መጽሐፍ በየእጁ በማይዳረስበት ክፍል አንድ ፒዲኤፍ በአንድ ምሽት ለስድሳ ተማሪ መድረሱ ቀላል ነገር አይደለም። ማኅበራዊ ሚዲያ ወደ ክፍል ገብቷልና ይግባ አይግባ ብሎ መሟገት ጊዜው አልፏል። አሁን ሊነገር የሚገባው በምን ሥርዓት እንደሚሠራበትና ሥርዓት ሲጎድል ጉዳቱን ማን እንደሚሸከም ነው።

እኔ በግብርና ኮሌጅ ስማር የገጠመን አንድ ነገር ጉዳዩን በአጭሩ ያሳያል። የችግኝ ጣቢያ የተግባር ልምምድ ለከሰዓት ተይዞ ሳለ፣ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ወደ ጠዋት መዛወሩ በግሩፑ ተነገረ። ከክፍላችን አምስት ልጆች መልእክቱን አላዩም፤ አራቱ ባለ ቁልፍ ስልክ ነበራቸው፣ አንደኛው ጨርሶ ስልክ አልነበረውም። ከምሳ በኋላ አካፋቸውን ይዘው ሲደርሱ መደቡ ተሠርቶ፣ ዘሩ ተዘርቶ፣ ሣር ለብሶ አገኙት። የተግባር ነጥቡ ከመቶ ሃያ ነበር። መምህራችን ክፉ ሰው አልነበሩም፤ «ግሩፑ ላይ ጽፌ ነበር እኮ» ብለው ከልባቸው ተገረሙ።

እንዴት ገባ?

መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ሲወሰን ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥንና ቴሌግራም የመማሪያ ክፍሉን ቦታ ለመተካት ተሞከረ። የከተማው ልጅ ማስታወሻውን በስልኩ ሲቀበል፣ የገጠሩ ልጅ ሬዲዮ ካለው ሬዲዮ አዳመጠ፤ ከሌለው ከአባቱ ጋር ወደ እርሻ ወጣ። በ2013 ዓ.ም ትምህርት ቤቶች ሲከፈቱ ከዚያ ጊዜ የተረፈው ልማድ ግሩፑ ነበር። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሥራ ላይ በዋለባቸው ዓመታትም ታትሞ ያልደረሰ መጽሐፍ በስልክ ቀድሞ ደረሰ፤ ልማዱም ሥር ሰደደ።

ከዚያ በፊት የነበረው ትዝታ ግን መራራ ነው። ግንቦት 22 ቀን 2008 ዓ.ም የተጀመረው የ12ኛ ክፍል የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና፣ የእንግሊዝኛው ጥያቄ በማኅበራዊ የትስስር ገጾች ላይ በመውጣቱ ምክንያት ተሰርዟል። ከ250 ሺህ በላይ ተፈታኞች እንደገና ለመቀመጥ ተገደዱ፤ በሐምሌ ወር ፈተናው ዳግም ሲሰጥ ገጾቹ ለቀናት ተዘግተው ነበር። ከ2015 ዓ.ም ጀምሮም ተፈታኞች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ገብተው፣ ስልካቸውን ወደ ኋላ ትተው የሚፈተኑበት አሠራር ተዘርግቷል። አንድ ሰው በስልኩ ያነሣት አንዲት ፎቶ ለዓመታት ያጠኑ ልጆችን ድካም እንዴት እንደምታመክን ሀገሪቱ በተግባር አይታዋለች። በዚህም ምክንያት ብዙ ወላጅ «ስልክና ትምህርት አይገናኙም» የሚል አቋም ይዟል። ወላጁ ያለ ምክንያት አልሰጋም፤ መልሱ ግን ስልኩን ከክፍል ማባረር ብቻ ከኾነ ልጁ ከክፍል ውጭ ብቻውን፣ ያለ መካሪ ከስልኩ ጋር ይቀራል።

ስልኩ የማን ነው?

የገጠር ተማሪ የሚጠቀምበት ስልክ ብዙ ጊዜ የግሉ አይደለም። ቀዬው የራቀበት ልጅ በወረዳ ከተማ ቤት ተከራይቶ፣ ቅዳሜ ስንቁን ሊያመጣ ወደ ቤተሰቡ ሄዶ እሑድ ይመለሳል፤ ስልኩ የአባቱ ወይም የታላቅ ወንድሙ ከኾነ ሰኞ ዕለት አብሮት የለም። የራሱ ስልክ ያለውም ቢኾን ባትሪውን ሱቅ ቤት ከፍሎ ወይም ከጎረቤት ሶላር ለምኖ ይሞላል። የዳታ ጥቅል የሚገዛው ከበርበሬና ከጋዝ ገንዘቡ ቀንሶ ነው። በሴት ተማሪዎች በኩል ነገሩ ይብሳል፤ ለወንዱ ስልክ የገዛ ቤተሰብ ለሴቷ ሲኾን «ትምህርቷን ያበላሽባታል» ብሎ የሚከለክልበት ቤት ጥቂት አይደለም።

ከዚህ የሚነሣው የመጀመሪያው ሥርዓት፣ በግሩፑ ብቻ የሚነገር ግዴታ እንዳይኖር ማድረግ ነው። የፈተና ቀን፣ የቤት ሥራ፣ የሰዓት ለውጥ አስቀድሞ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጻፋል፤ በሰልፍ ወይም በሚኒ ሚዲያው ይነገራል፤ ግሩፑ ያንኑ ይደግማል። ከትምህርት ሰዓት በኋላ የተላከ መልእክት በማግስቱ በክፍል ውስጥ እስኪነበብ ድረስ እንደ ተነገረ አይቆጠርም። ይህን አንድ ነገር ብቻ የጠበቀ ትምህርት ቤት ከችግሩ ግማሹን ያቃለለ ይመስለኛል።

ፋይልን በተመለከተ መምህራን የሚያውቁት ግን ብዙ ጊዜ የሚረሱት ነገር አለ። በኮምፒውተር የተተየበ ሃያ ገጽ ማስታወሻ፣ ያው ሃያ ገጽ በስልክ ካሜራ እየተነሣ ከሚላከው እጅግ ያነሰ ዳታ ይበላል። ቪዲዮ ደግሞ የሳምንት ጥቅል በአንድ ቁጭታ ሊጨርስ ይችላል። አንድ ተማሪ ያወረደውን ፋይል ለሌሎች በዜንደር ወይም በብሉቱዝ ማስተላለፍ ሳንቲም አያስወጣም፤ ስለዚህ በየአንድ ለአምስቱ ቡድን አንድ ስልክ ቢኖር ይበቃል። ስልክ ለማያገኙት አንድ የታተመ ቅጂ በቤተ መጻሕፍት ማስቀመጥ ይገባል። መስመር በሚቋረጥበት ሳምንት ደግሞ ያቺ አንድ ቅጂ ለሁሉም ታገለግላለች።

ግሩፕና ቻናል

ሁለቱን መለየት ብዙ ጭቅጭቅ ያስቀራል። በቻናል የሚጽፈው አድሚኑ ብቻ ነው፤ ማስታወቂያና ማስታወሻ ለመልቀቅ የሚመቸው እርሱ ነው። በግሩፕ ሁሉም ይጽፋል፤ ለጥያቄና ለውይይት ይኾናል። ሁለቱ ተለይተው ሲከፈቱ የፈተናው ቀን በሦስት መቶ «እንዴት አደራችሁ» እና በቀልድ ምስል ሥር አይቀበርም። በግሩፑ ውስጥ አድሚኑ ማን ፎቶና ሊንክ መላክ እንደሚችል ሊወስን፣ አንድ ሰው በተከታታይ እንዳይጽፍ ጊዜ ሊያራርቅበት፣ ያልተገባ መልእክት ከሁሉም ስልክ ሊያጠፋ ይችላል። አጭር የምርጫ ጥያቄ አዘጋጅቶ ትምህርቱ ምን ያህል እንደገባ ማየትም ይቻላል፤ በእኔ አስተያየት ይህ ከሁሉም አገልግሎቶች ያልተሠራበት ነው። ነጥብ ግን ሊያዝበት አይገባም፤ ምክንያቱ ከላይ ተነግሯል።

መምህር በግሩፑ የሚገኝበት ሰዓትም ይወሰን። ሌሊት አምስት ሰዓት ላይ ለአንዲት ተማሪ ለብቻዋ መልስ የሚጽፍ መምህር ሐሳቡ ንጹሕ ቢኾን እንኳ ራሱንም እርሷንም ለወሬ ያጋልጣል። የትምህርት ጥያቄ በግሩፑ ተጠይቆ በግሩፑ ይመለስ፤ ሌላውም ይማርበታል።

የልጅቷ ስልክ ቁጥር

በዚህ ርዕስ ላይ ረዘም ብዬ እቆያለሁ። የክፍል ስም ዝርዝር ከነስልክ ቁጥሩ በፎቶ ተነሥቶ በግሩፑ ሲለጠፍ ለመምህሩ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። የግሩፑ መግቢያ ሊንክ ደግሞ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የሌላ ክፍል ልጆች፣ ትምህርታቸውን ያቋረጡ፣ የከተማው ጎረምሶች ይገባሉ። ስድሳ ተማሪ ባለው ክፍል ግሩፑ ውስጥ ዘጠና ሰው ሲገኝ ሠላሳው ማን እንደኾነ የሚጠይቅ የለም። ከዚያ አንድ ምሽት ስልክ ይደወላል። የሚደወልበት ቁጥር ደግሞ የአባት ነው።

«እገሊትን አቅርቡልኝ» የሚል የማይታወቅ የወንድ ድምፅ በከተማ ቤት ውስጥ ቁጥሩን ዘግቶ የሚታለፍ ነገር ሊኾን ይችላል። በገጠር ቤት ግን የሚጠየቀው ደዋዩ ሳይኾን ልጅቷ ናት። «ማነው? ከየት ያውቅሻል? ቁጥራችንን ማን ሰጠው?» ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የላትም፤ መልስ ማጣቷም እንደ ጥፋት ይቆጠርባታል። ቀጥሎ የሚመጣው ስልኩን መንጠቅ፣ የኪራይ ቤቱን ማስለቀቅ፣ ሲብስም «ስሟ ሳይጠፋ» ለሽማግሌ እሺ ማለት ነው። ሕጉ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት ቢያደርገውም ቤተሰብ የፈራውን ሁሉ በሕግ አይመዝንም። ስለዚህ በክፍል ግሩፕ ላይ የተለጠፈች አንዲት ዝርዝር የአንዲትን ልጅ የትምህርት ዘመን ልታሳጥር ትችላለች።

መከላከያው የደቂቃዎች ሥራ ነው። የተማሪዎች ስልክ ቁጥር በኃላፊ መምህሩ መዝገብ ብቻ ይቀመጥ። እያንዳንዱ ተማሪ በቴሌግራም ቅንብሩ ውስጥ የስልክ ቁጥሩን ማንም እንዳያይ አድርጎ ይዝጋ፤ ይህን እንዴት እንደሚያደርግ በክፍል ውስጥ ስልኩን አውጥቶ እንዲለማመድ ሃያ ደቂቃ ይሰጠው። የግሩፑ መግቢያ ሊንክ ያለ አድሚኑ ፈቃድ ሰው እንዳያስገባ ተደርጎ ሊዘጋጅ ይችላል። በየወሩ የግሩፑን አባላት ከስም መጥሪያው ጋር አስተያይቶ የማይታወቀውን ማስወጣት ለክፍል አለቃው የሚሰጥ ሥራ ነው። የማይፈለግ ጥሪ ወይም መልእክት የደረሳት ተማሪ ለማን እንደምትናገር አስቀድሞ ይነገራት፤ ሴት መምህርት ብትኾን ይመረጣል። ወላጅም በስብሰባ ላይ «እንዲህ ያለ ጥሪ ቢመጣ የልጅቷ ጥፋት አይደለም» የሚለውን ከርዕሰ መምህሩ አንደበት ቢሰማ ደዋዩ ሲደውል ቁጣው መድረሻውን አይስትም።

ምስል፣ ውጤትና ሣቅ

አንዳንድ መምህራን የተማሪን የፈተና ወረቀት አንሥተው አስቂኝ መልሱን በፌስቡክ ይለጥፋሉ። ሰሌዳ ፊት የተደናገረን ልጅ ቀርጾ በቲክቶክ መልቀቅም ተለምዷል። አርፍዶ የመጣን ተንበርክኮ እያለ የሚቀርጽም አለ። ተመልካቹ ይሥቃል፤ ልጁ ግን በማግስቱ ያው ክፍል ውስጥ ይቀመጣል። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ነጻ እንዲኾኑ ይደነግጋል፤ አንቀጽ 26 ደግሞ የግል ሕይወትን ያስከብራል። በ2016 ዓ.ም የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የሰውን የግል መረጃ ለመሰብሰብና ለማስተላለፍ ሕጋዊ መሠረት ያስፈልጋል ይላል። እኔ እንደሚመስለኝ ግን ከሕጉም በፊት መምህሩ ራሱን የሚጠይቀው ጥያቄ አለ፤ የልጁ እናት አጠገቤ ብትቆም ይህን እለጥፈው ነበርን?

ውጤትም እንዲሁ ነው። የክፍሉን ውጤት ከአንደኛ እስከ መጨረሻ ደርድሮ በግሩፑ መለጠፍ ድሮ በግድግዳ ላይ ከነበረው ይለያል፤ የግድግዳው ወረቀት በዝናብ ይበሰብሳል፣ ይህኛው ግን ስክሪንሹት ተደርጎ ይኖራል። በቴሌግራም ምስል እንዳይተላለፍና እንዳይቀመጥ መዝጋት ቢቻልም በሌላ ስልክ ካሜራ ከማንሣት የሚያግድ ነገር የለም። ውጤት ለእያንዳንዱ ለየብቻው ይሰጥ።

መልካም ሥራን ማሳየት ግን ይበረታታል። የሳይንስ አውደ ርዕይ፣ የችግኝ ተከላ፣ የዶሮ ቤት ግንባታ ቢታይ ደስ ይላል። ወላጅ በዓመቱ መጀመሪያ በጽሑፍ ፈቅዶ እንደኾነ ይጣራ፤ ፊት ሳይታይ እጅና ሥራው ብቻ የሚታይበት ፎቶም ብዙ ጊዜ የተሻለ ይናገራል።

በማሳ ላይ ያለው ክፍል

ለግብርና ተማሪ ክፍሉ ማሳው ጭምር ነው፤ እዚያ ላይ ስልክ እውነተኛ የመማሪያ መሣሪያ ይኾናል። ለምሳሌ የአሜሪካ ተምች የተባለው መጤ ተባይ በ2009 ዓ.ም በደቡብ የሀገራችን ክፍል ከታየ ወዲህ በበቆሎ አምራች አካባቢዎች ሁሉ መለየቱ የግድ ኾኗል። ትሉ አዲሱ ቅጠል ከሚወጣበት መሐል ተደብቆ ይበላል፤ እንደ መጋዝ ፍቅፋቂ ያለ ኩስም ይተዋል። ጭንቅላቱ ላይ የተገለበጠ የእንግሊዝኛ ዋይ ፊደል የሚመስል ነጣ ያለ መስመር፣ ከመጨረሻው ቀለበት ቀድሞ ባለው ላይ ደግሞ በአራት ማዕዘን የተቀመጡ አራት ጥቁር ነጥቦች አሉት። ከአገዳ ቆርቁር የሚለየው በእነዚህ ነው። ተማሪ ከሩቅ ያነሣው የተበላ ቅጠል ፎቶ ይህን አያሳይም። ጭንቅላቱን አንድ፣ ጅራቱን አንድ፣ ተክሉን በሙሉ አንድ ብሎ አንሥቶ፣ ቀኑንና የበቆሎውን ዕድሜ ጽፎ የላከ ግን ክፍሉን በሙሉ አስተማረ ማለት ነው።

የስንዴ ዋግም እንዲሁ ነው። ቢጫ ዋግ በአደገ ቅጠል ላይ እንደ ስፌት መስመር ተከታትሎ ሲታይ የቅጠል ዋግ ተበታትኖ ይታያል፤ ጥራቱ በወረደ ፎቶ ግን ሁለቱ አንድ ይመስላሉ። ቴሌግራም በፎቶ መልክ የተላከን ምስል ያሳንሰዋል። በፋይል መልክ የተላከው ጥራቱን እንደጠበቀ ይደርሳል፤ ነገር ግን በስልኩ ላይ የቦታ መለያ ክፍት ከኾነ ምስሉ የተነሣበትን ሥፍራ ይዞ ይሄዳል። ለክፍሉ ጠቃሚ ነው፤ የአርሶ አደሩን ማሳ ለማይታወቅ ሰው መጠቆም ግን አይገባም። ፎቶው ከመነሣቱ በፊት የማሳው ባለቤት ይጠየቅ። «አባቴ፣ ለትምህርት ነው» ማለት ከባድ አይደለም፤ ብዙዎቹም ራሳቸው ቅጠሉን ገልጠው ያሳያሉ።

ከሁሉ የሚያሰጋው መልሱ ነው። ከፎቶው ሥር አንድ ተማሪ የመድኃኒት ስም፣ ሌላው መጠን ይጽፋል፤ ሦስተኛው ሁለቱን ቀላቅሉ ይላል። በግሩፑ ውስጥ ይህ ግምት ነው። ያው ተማሪ ቅዳሜ ቤቱ ሲሄድ ግን አጎቱ «አንተ ተማሪው፣ ምን ልርጭበት?» ይሉታል፤ ግምቱ ያን ጊዜ ገንዘብ፣ ሰብልና ጤና ይኾናል። ስለዚህ የፀረ ተባይ ስምና መጠን በክፍል ግሩፕ የሚጽፈው መምህሩ ብቻ እንዲኾን፣ ተማሪው ምልክቱን ገልጾ እንዲያቆም፣ አርሶ አደሩም ወደ ቀበሌው የልማት ሠራተኛ እንዲላክ መስማማት ያስፈልጋል። የመድኃኒቱ ዕቃ ላይ የተለጠፈው መመሪያ ከማንኛውም ግሩፕ ይበልጣል።

ሐሰተኛ ወሬና ሕጉ

በፈተና ሰሞን «ጥያቄው እጃችን ላይ ነው» እያሉ በቴሌብር ገንዘብ የሚጠይቁ ቻናሎች ይፈላሉ። ተማሪው ገንዘቡንም የጥናት ጊዜውንም ያጣል። የፈተናና የውጤት መረጃ ከትምህርት ሚኒስቴር፣ ከክልሉ ትምህርት ቢሮና ከራሱ ከትምህርት ቤቱ ብቻ እንደሚወሰድ ደጋግሞ መንገር ይገባል። አድሚን የኾነ ተማሪም ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ሰውን በኮምፒውተር ሥርዓት ማስፈራራትንና ክብሩን የሚነካ ምስል ማሰራጨትን ያስቀጣል። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ደግሞ ሐሰተኛ መረጃው ከ5 ሺህ በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሲሰራጭ ቅጣቱን ያከብደዋል። ፌስቡክና ቲክቶክም በራሳቸው ደንብ ከ13 ዓመት በታች የኾነ ልጅ ገጽ እንዲከፍት አይፈቅዱም፤ ስለዚህ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግሩፑ የወላጆች እንጂ የልጆች መኾን የለበትም።

ግሩፑ ሲከፈትና ሲዘጋ

ሥርዓቱ በዓመቱ የመጀመሪያ ሳምንት በአንድ ገጽ ተጽፎ በክፍሉ ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ ይሠራል። የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረቱ አንብቦ ቢፈርምበት ደግሞ አንድ መምህር ያወጣው ትእዛዝ መኾኑ ይቀራል። ቢያንስ ሁለት አድሚን ይኑር፤ አንዱ መምህር ይኹን። ተማሪዎች ራሳቸው ያረቀቁት ደንብ ከላይ ከወረደው ይልቅ ይከበራል፤ ምናልባት «ሌሊት አይጻፍም» የሚለውን ከመምህሩ ቀድመው የሚጽፉት እነርሱ ይኾናሉ።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው መዝጊያው ነው። መምህር ወደ ሌላ ወረዳ ሲዛወር ግሩፑ በስሙ ይቀራል፤ ስልኩ ከተሰረቀ ደግሞ የሦስት ዓመት ስሞች፣ ፎቶዎችና የድምፅ መልእክቶች በማን እጅ እንደወደቁ አይታወቅም። ቴሌግራም የግሩፕን ባለቤትነት ለሌላ ሰው ማስተላለፍ ይፈቅዳል፤ ለዚህ ግን ባለቤቱ የሁለት ደረጃ የይለፍ ቃሉን አስቀድሞ ማብራት አለበት። ሰኔ ላይ የመጨረሻው ፈተና ሲያልቅ ማስታወሻዎቹን ለሚቀጥለው ክፍል በፍላሽ አስቀምጦ፣ ግሩፑን ከነሊንኩ ማጥፋትና በመስከረም ከስም መጥሪያው ጋር አዲስ መክፈት ይሻላል።